የእስክንድር ምንጭ፤ ማንንም የማያስቀር የበዓል መጠጥ

የቤት እመቤት ለበዓል ስትዘጋጅ አስቀድማ የምታስበው ስለ ወጡና ስለ እንጀራው ነው። ጠላው ከተጠመቀ፣ ጠጁ ከተጣለ፣ ዳቦው ከተደፋ፣ ዶሮው ከተገዛ ቤቴ ሙሉ ነው ትላለች። እንግዶቹ ገብተው በየቦታቸው ከተቀመጡ በኋላ ግን ያልታሰበ ጕድለት ይገለጣል። ጠላው ሲቀዳ ሙስሊሟ ጎረቤት ብርጭቆዋን በእጇ ትከድናለች። ነፍሰ ጡሯ ምራት «ለእኔ ይቅርብኝ» ትላለች። ከመጠጥ ጋር ብዙ ዘመን ታግሎ በንስሐ አባቱ ምክር የተወው ወንድም ዐይኑን ወደ መሬት ያቀረቅራል። ልጆቹም የታላላቆቻቸውን ብርጭቆ እያዩ ይቀመጣሉ። ለእነዚህ ሁሉ የሚቀርብላቸው ወይ ውኃ ነው፣ ወይ ከሱቅ የመጣ ለስላሳ ነው። የቤቱ እጅ ያረፈበት፣ ታስቦበት የተዘጋጀ መጠጥ የሚሰጠው ለሚሰክረው ብቻ ነው ማለት ነው።

ይህ ነገር በሌላ አገር ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። በደሴና በኮምቦልቻ ግን ቀላል አይደለም። በወሎ አንድ አጥር የሚጋሩ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤቶች ብቻ ሳይሆኑ፣ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ወንድም ክርስቲያን፣ የአጎት ልጅ ሙስሊም ሆኖ መገኘቱ የቆየ ነገር ነው። በሥጋው ነገር ሁሉም ሥርዐቱን ያውቃል፤ የክርስቲያኑ ለክርስቲያን፣ የሙስሊሙ ለሙስሊም ይለያል፤ በዚህም የሚያዝን የለም። ሁለቱ በአንድነት ሊቀምሱት የሚችሉት እንግዲህ መጠጡ ነው። መጠጡም ከተለየ ማዕዱ በሙሉ ተለያየ ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ገጻችን ማንም ሳይሸማቀቅ ሊጠጣው ስለሚችል፣ ልጆችንም ደስ ስለሚያሰኝ አንድ የቤት መጠጥ እናወጋለን።

ለዚህ ጽሕፈት ምክንያት የሆነን ሌላም ጉዳይ አለ። በዚህ ዘመን ወጣቶች በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ የተረት ፊልሞችን ያያሉ። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የሚጤስ ጽዋ፣ ቀለሙን የሚለውጥ መጠጥ፣ የጠጣውን የማያስረጅ ውኃ ይታያል። ልጆቹም «ይህን በቤታችን እንሥራ» እያሉ እናቶቻቸውን ይወተውታሉ። የተለያዩ መጠጦችን በአንድ ብርጭቆ እየቀላቀሉ ማቅረብ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ኮክቴል ይባላል፤ የተረቱን ስም እየሰጡ እንዲህ ያለ መጠጥ ማዘጋጀትም ዛሬ በብዙ አገር የበዓል ጨዋታ ሆኗል። አንዳንድ እናት «ይህ ነገር ለክርስቲያን ቤት ይገባልን?» ብላ ብትጠይቅ ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መልሱም እንዲህ ነው፤ አስማትን በልጅ ዐይን ፊት ማክበር አይገባም፤ መልካም ተረትን ለልጅ መንገር ግን የአባቶቻችን ልማድ ነው። መጠጥ መቀላቀሉም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ማርን በውኃ በጥብጦ ብርዝ ማድረግ ከጥንት የነበረ ነው፤ በየከተማችን ጭማቂ ቤት የማንጎውን፣ የፓፓያውንና የአቮካዶውን ጭማቂ በአንድ ብርጭቆ እየደራረቡ ስፕሪስ ብለው የሚሸጡትም ከዚሁ ወገን ነው። እንግዲያውስ ተረቱን ከሩቅ አገር ፊልም ከመዋስ በራሳችን መጽሐፍ ውስጥ ያለውን መፈለግ ይሻላል።

በግእዝ ከተጻፉት ታሪኮች አንዱ ዜና እስክንድር ነው። ይህ መጽሐፍ ከዐረብ ቋንቋ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፣ ዋሊስ በጅ የተባለ እንግሊዛዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር በለንደን አሳትሞታል። የመቄዶንያው ንጉሥ እስክንድር በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በእውነተኛው አምላክ የሚያምን፣ የሚጸልይ ንጉሥ ሆኖ ይታያል። መጽሐፉ ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቈጠር አይደለም፤ አንባቢን የሚያስደንቅና የሚያስተምር ታሪክ ነው። በውስጡ ካለው ሁሉ ለልጆች የሚጣፍጠው የማየ ሕይወት፣ ማለት የሕይወት ውኃ ፍለጋ ነው። እስክንድር ዓለሙን ሁሉ ካስገበረ በኋላ ሞትን የሚያስቀር ውኃ አለ ሲሉት ሰምቶ ወደ ጨለማ አገር ተጓዘ። ከእርሱ ጋር ከተጓዙት አንዱ በመንገድ ሳለ የያዘውን ደረቅ ዓሣ በአንድ ምንጭ ውኃ ነከረው። ዓሣውም ሕይወት ዘራ፤ ከእጁም አምልጦ ዋኘ። ሰውዬው ዓሣውን ተከትሎ ወደ ውኃው ቢገባ ገላው እንደ ለምለም ቅጠል አረንጓዴ ሆነ። ንጉሡ ግን ያን ምንጭ ሳያገኝ ተመለሰ። ዓለሙን የያዘው እጅ አንድ ጭብጥ ውኃ ሳይዝ ቀረ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ያውቁታል። ያን ሰው ኸድር ይሉታል፤ ትርጓሜውም አረንጓዴው ማለት ነው። በቍርኣናቸው በ18ኛው ምዕራፍ ሙሴ ከአንድ የእግዚአብሔር አገልጋይ ጋር ስለ መገናኘቱና በመንገድ ስላመለጠ ዓሣ ይነገራል፤ ሊቃውንቶቻቸውም ያ አገልጋይ ኸድር ነው ይላሉ። እንግዲህ በአንድ የደሴ ቤት ውስጥ አያት ከዜና እስክንድር የሰማችውን ስትጀምር፣ ጎረቤቷ ከወላጆቿ የሰማችውን ልትቀጥልላት ትችላለች። ሁለቱም በአንድነት የሚተርኩት ታሪክ ካለ፣ በአንድነት የሚጠጡት መጠጥ ከዚያ ታሪክ ቢወለድ ደግ አይደለምን?

ስለ ስሙ ግን አንድ ጥንቃቄ እናድርግ። ይህን መጠጥ «ማየ ሕይወት» ብለን አንጠራውም። ያ ስም በቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ ነገርን የሚያመለክት ነው፤ ጌታችን በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ ለሳምራዊቷ ሴት የነገራትን የሕይወት ውኃ ያስታውሰናልና። በጠበልም በእምነት የሚጠጣ ውኃ ስላለ ልጆች የማዕዱን ከተቀደሰው ጋር እንዳያደባልቁ ያስፈልጋል። ስለዚህ ስሙን «የእስክንድር ምንጭ» እንበለው፤ የተረቱ ለተረቱ፣ የተቀደሰውም ለተቀደሰው ይሁን።

አሁን ወደ አዘገጃጀቱ እንለፍ። ሩብ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ 24 ብርጭቆ ለማውጣት የሚከተለው ይበቃል። ንጹሕ ማር 2 ብርጭቆ፣ ውኃ 10 ብርጭቆ፣ እፍኝ ሙሉ የናና ቅጠል፣ እንደ አውራ ጣት ያለ ዝንጅብል፣ 4 ሎሚ፣ 3 ሊትር የቀዘቀዘ አምቦ ውኃ፣ አንድ እፍኝ ዘቢብ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማሩ ነው። አምባሰል በገደል ማሯ በዘፈን ሳይቀር የታወቀች ናት፤ አንዳንዶችም ስሟን ሲተረጕሙ የማር አምባ ማለት ነው፣ ዐሰል በዐረብኛ ማር ነውና ይላሉ። ማሩ ከአምባሰልም ይምጣ ከሌላ ስፍራ፣ ከሰኞ ገበያም ይገዛ ከሰፈር ነጋዴ፣ ስኳር የተቀላቀለበት እንዳይሆን ከምታምኑት ሰው ግዙ። ነጭ ማር ለዚህ መጠጥ ይመረጣል፤ ቀለሙ የቅጠሉን አረንጓዴ አያጠፋውምና።

ውኃውን ከተቀጠቀጠው ዝንጅብል ጋር አፍሉት። እዚህ ላይ የደሴና የኮምቦልቻ ሴቶች አንድ ልዩነት እንዲያውቁ እንወዳለን። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጦሳ ሥር የተቀመጠች ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደው ሲደርሱባት ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ከፍ ባለ አገር ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ ነገር ግን የሚፈላው በአነስተኛ ሙቀት ነው። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በደሴ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ለመጠጥ የሚሆን ውኃ ከ2,000 ሜትር በታች ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ ቢቈይ በቂ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ባለ አገር 3 ደቂቃ መንተክተክ አለበት። የደሴዋ እመቤት እሳቱን ቶሎ አታጥፋ።

ድስቱን ካወረዳችሁ በኋላ የናናውን ቅጠል ጨምሩና 10 ደቂቃ ከድናችሁ አቈዩት፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ለብ ሲል ማሩን ጨምራችሁ በጥብጡ። በፈላ ውኃ ላይ ማር መጨመር የማሩን መዓዛ ያጠፋል። ሰፈፉ ወደ ላይ ሲወጣ ግፈፉት፤ እንደገናም አጥልሉት፤ አቀዝቅዙት። ሎሚውን መጨረሻ ላይ፣ ሊቀርብ ሲል ጭመቁበት። ሎሚ አስቀድሞ ከገባ የቅጠሉን አረንጓዴነት ያጠወልገዋል። መልኩ ገና እንደ በቀለ ሣር ፈዘዝ ያለ ቢሆን አትዘኑ፤ በየብርጭቆው አንድ አንድ የናና ቅርንጫፍ ብታቆሙበት ይበቃል። ከሱቅ የሚገዛ ቀለም አያስፈልገውም።

በየብርጭቆው ብርዙን እስከ ወገቡ ቅዱ። ከዚያም የቀዘቀዘውን አምቦ ውኃ ቀስ አድርጋችሁ ሙሉበት፤ የቀዘቀዘ ውኃ ጋዙን ከሞቀው ይልቅ ይዞ ይቈያልና። አሁን ልጆቹን ጥሩ። ከደረቀው ዘቢብ አራት አምስት ፍሬ በብርጭቆው ውስጥ ጣሉ። ዘቢቡ መጀመሪያ ወደ ታች ይሰምጣል። ጥቂት ቈይቶ እንደ ነፍስ ዘርቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ እንደገና ይሰምጣል፤ እንደገናም ይወጣል። የደረቀው ዓሣ በምንጩ ውስጥ ሕያው ሆኖ ዋኘ ያልነው ይህ ነው። ልጆቹ ከተደነቁ በኋላ ምክንያቱንም ንገሯቸው፤ የፍጥረትን ሥርዐት ማወቅ መደነቅን አያጠፋምና። ዘቢብ ከውኃ ይልቅ የሚከብድ ስለ ሆነ ይሰምጣል። የአምቦው ውኃ የያዘው ጋዝ በተሸበሸበው ልጣጩ ላይ በትንንሽ አረፋ ሆኖ ይያያዛል፤ አረፋውም ተሸክሞ ያወጣዋል። ላይ ሲደርስ አረፋው ይፈነዳል፤ ተሸካሚ ያጣው ዘቢብ ይመለሳል። በቤተ ልሔም ለቅዱስ ቍርባን የሚለየው ዘቢብ ሌላ መሆኑን፣ ይህ ከሱቅ ለማዕድ የተገዛ መሆኑንም ጨምራችሁ አስረዷቸው።

ቀጥሎ የምንናገረው ከአዘገጃጀቱ ሁሉ የሚበልጥ ነው። ማር ለብቻው ሲቀመጥ ዓመታት ይቈያል፤ በውስጡ ያለው ውኃ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ እርሾ ሊያድግበት አይችልምና። በውኃ በተበረዘ ጊዜ ግን በማሩ ውስጥ ተኝቶ የነበረው እርሾ ይነቃል፤ ጣፋጩንም እየበላ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ጠጅ የሚሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ጌሾ ስላልገባበት ብቻ ብርዝ ብርዝ ሆኖ አይቀርም። ሁለትና ሦስት ቀን የቈየ ብርዝ ለልጅ፣ ለነፍሰ ጡርና ለሙስሊም እንግዳ የሚሰጥ መጠጥ አይደለም። ስሙ ብርዝ ነው፤ ሥራው ግን ወደ ጠጅ አዘንብሏል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ጣፋጭነቱ ያታልላል።

ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፤ የተበረዘው በዕለቱ ይጠጣ። ሙቀት እርሾን ያፈጥነዋልና የኮምቦልቻ እመቤት ማቀዝቀዣ ከሌላት በበዓሉ ዕለት ጧት ታዘጋጀው። ደሴ ብርድ ስለ ሆነ ጥቂት ይታገሣል፤ ሆኖም እዚያም ቢሆን ማሳደር አይመከርም። ቀጭን አረፋ ካሳየ፣ ክዳኑ ሲከፈት ሽው ካለ፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ካመጣ ተለውጧል። በጠርሙስ አጥብቆ ዘግቶ ማቈየትም አደገኛ ነው፤ ጋዙ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል።

ዕቃውም ይታሰብበት። ጠላ ወይም ጠጅ በኖረበት ጋንና እንስራ ይህን መጠጥ አታዘጋጁ። ሸክላ ቀዳዳ አለው፤ ቢታጠብም የአሮጌው እርሾ በውስጡ ይቀራል፤ አዲሱንም ብርዝ በጥቂት ሰዓት ያስነሣዋል። በብርጭቆ ወይም በብረት ዕቃ አዘጋጁት፤ ማንቈርቈሪያውም ለዚህ ብቻ የተለየ ይሁን። ይህን የምንለው ስለ እርሾው ብቻ አይደለም። ሙስሊሟ ጎረቤት «ምን አለበት?» ብላ ብትጠይቅ፣ «ማር፣ ናና፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና አምቦ ውኃ ነው፤ ዛሬ ጧት በንጹሕ ዕቃ በረዝሁት» ብላችሁ በእውነት መመለስ እንድትችሉ ነው። የእንግዳ እምነት በእጃችሁ ላይ የተቀመጠ አደራ ነው። በቀላሉ የማይጠገን ነገር ቢኖር አንድ ጊዜ የተታለለ ጎረቤት ልብ ነው።

ጥቂት ማስጠንቀቂያም እንጨምር። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በማንኛውም መልክ ማር አይሰጥም፤ ሕፃኑን በጽኑ ሊያሳምም የሚችል ተሕዋስ አንዳንድ ጊዜ በማር ውስጥ ይገኛልና። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ማርን ከስኳር የተለየ አድርጎ አይቍጠረው። ለሽታው ብላችሁ በናና ፈንታ ጤና አዳም ብትጨምሩ ለነፍሰ ጡር አታቅርቡላት፤ ጽንስን ሊጎዳ ይችላል። ሥጋና ወተት የሌለበት መጠጥ ቢሆንም በጾም ወራት ማርን የሚተዉ ምእመናን ስላሉ በጾም ለማቅረብ ስታስቡ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

«ጥቂት አረቄ ቢጨመርበትስ?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛ ግን በዚህ ማንቈርቈሪያ ውስጥ አይግባ እንላለን። የወይን ጠጅን ጌታችን በቃና ባርኮታል፤ ቤተ ክርስቲያናችን የምትከለክለው ስካርን ነው፤ ስለዚህ የሚጠጣው ሰው ጠላውንና ጠጁን በልክ ለብቻው ይጠጣ። ዳግም አረቄ በመቶ 45 ያህል አልኮል የሚይዝበት ጊዜ አለ፤ በማርና በሎሚ ተሸፍኖ ሲቀርብ ኀይሉ አይታወቅም፤ ጠጪው ልኩን ሳያውቅ ያልፋል። የአገሩም ሕግ አለ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል። ሻጭ የተከለከለውን እናት በቤቷ ብትቀዳ አይገባም። ከሁሉም በላይ አንድ ጠብታ አረቄ የገባበት ማንቈርቈሪያ ያንን መጠጥ የተወ ወንድም እንደገና ከማዕዱ ያስወጣዋል። ስለ እርሱ ብለን ካዘጋጀነው በኋላ እርሱን የምናስቀርበት ከሆነ ድካማችን ለምን ይሆናል?

ሲቀርብም ሥርዐት ይኑረው። ለሚጠጡት ጠጅ ከተቀዳ በኋላ ለቀሩት እንደ ማካካሻ አይሰጥ። የእስክንድር ምንጭ አስቀድሞ ይምጣ፤ ጸሎቱ እንደ ተፈጸመ ከቤቱ አባወራ ጀምሮ እስከ ትንሹ ልጅ ድረስ ለሁሉም ይቀዳ። አባት ከዚያ ብርጭቆ ሲጠጣ ካዩት ልጆቹ መጠጡን የሕፃናት አያደርጉትም፤ መጠጥ የተወው ሰውም ተለይቶ አይታይም። ዘቢቡ ሲወጣና ሲወርድ ታሪኩ ይነገር፤ አያት ትጀምረው፤ ጎረቤትም የምታውቀውን ትጨምርበት። ጠላና ጠጅ የሚሻ ከዚያ በኋላ ይቀዳለት።

በየዓመቱ ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላን ስናከብር በስድስቱ ጋን የነበረው ውኃ ወደ ወይን ጠጅ ስለ መለወጡ እንሰማለን፤ እውነተኛው ተአምርም እርሱ ነው። በዚያ ሰርግ ቤት ግን ከተአምሩ አስቀድሞ የሆነ አንድ ነገር አለ። ደጋሾቹ እንዳያፍሩ የጎደለውን አይታ ለልጇ የተናገረች እመቤታችን ናት። ወንበር ይቈጥሩ የነበሩ፣ ወጥ ያማስሉ የነበሩ ብዙዎች ነበሩ፤ ጕድለቱን አስተውላ ያማለደች ግን እርሷ ናት። የእኛም እናቶችና እኅቶች ለሚመጣው በዓል ሲሰናዱ «ስንት ጋን ጠላ ይበቃናል?» ብለው ከመጠየቃቸው አስቀድሞ «በማዕዳችን ብርጭቆው ባዶ ሆኖ የሚቀር ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ያን ሰው ካወቁት በኋላ ማሩና ናናው በገበያ አይታጣም።

እግዚአብሔር አምላካችን ማዕዳችሁን ይባርክ፤ ከጎረቤታችሁ ጋር በፍቅርና በሰላም ያኑራችሁ።